«ሰርቨሩ አልገባ አለኝ»፦ የሪሞት ግንኙነት የት ጋ እንደተቆረጠ ደረጃ በደረጃ ማግኛ

ጅማ ውስጥ የቡና ነጋዴዎችን ቢሮ ኮምፒውተር እየዞርኩ አያለሁ። ቡና መግባት ሲጀምር ስልኬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ እረፍት የለውም። አብዛኛው ጥሪ አንድ ዓይነት ነው፤ «ወንድሜ፣ ሰርቨሩ አልገባ አለኝ።» ስደርስ ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ ምንም አልሆነም። ግን እኔ እስክመጣ ፋየርዎሉ (ከውጭ የሚመጣውን ጥሪ የሚያጣራው) ጠፍቷል፣ ራውተሩ ሪሴት ተደርጓል፣ ፓስዎርዱ ሦስት ጊዜ ተቀይሯል። አንድ የነበረው ችግር አራት ሆኖ ይጠብቀኛል።

ምሳሌዬ እዚህ አካባቢ የተለመደ አሠራር ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተጫነበት የዊንዶውስ ሰርቨር ጅማ መርካቶ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። አጋሮ ያለው መጋዘን ደግሞ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ ወደ ቢሮው በሚወስድ የተዘጋ መስመር) በኩል በሪሞት ዴስክቶፕ (የሰርቨሩን ማያ ከሩቅ በሚከፍተው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ይገባል። መሀሉ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ «ሄጄ ልየው» ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መስመሩ ከእናንተ ጀምሮ እንዲህ ይሄዳል፦ ኮምፒውተራችሁ፣ ኢንተርኔታችሁ፣ ቪፒኤኑ፣ የቢሮው ራውተር፣ ሰርቨሩ፣ የሰርቨሩ ፖርት (አገልግሎቱ የሚገባበት ባለ ቁጥር በር)፣ በመጨረሻ ስምና ፓስዎርድ። የት ጋ እንደተቆረጠ ሳታውቁ ምንም አትቀይሩ። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱ፣ አትዝለሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. ወረቀት አዘጋጁ። የሰርቨሩን ስም፣ የውስጥ አድራሻውን (እዚህ 192.168.1.10 እያልኩ እቀጥላለሁ)፣ የቢሮውን ራውተር አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስማችሁንና የቪፒኤኑን ስም ጻፉ። ኮምፒውተር ላይ አትጻፉት። ሰርቨሩ ላይ ያስቀመጣችሁት የሰርቨር አድራሻ ሰርቨሩ ሲጠፋ ምን ይጠቅማል? ፓስዎርድ ግን እዚህ ወረቀት ላይ አይጻፍም።

2. ሰርቨሩ አጠገብ ስልክ የሚያነሳ ሰው ይኑራችሁ። ባለሙያ መሆን የለበትም። መብራቱ በርቷል ወይስ ጠፍቷል ብሎ ማየት ከቻለ ይበቃል።

3. ሁለተኛ ኢንተርኔት ያዙ። ፓኬጅ ያለው ስልክ በቂ ነው።

4. አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ የቀየራችሁትን ጻፉ። ካልሠራ ወደነበረበት መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ተጠንቀቁ

- የሰርቨሩን ፋየርዎል «ለሙከራ» ብላችሁ ሙሉ በሙሉ አታጥፉ። ለሙከራ የጠፋ ፋየርዎል ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ሲገኝ አይቻለሁ።
- ሌላ ሰው ፒችትሪ ከፍቶ እየሠራ ሰርቨሩን ሪስታርት አታድርጉ። የሒሳብ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ደውላችሁ ሁሉም እንዲዘጉ አድርጉ።
- ራውተርን ሪስታርት ማድረግና ሪሴት ማድረግ አንድ አይደሉም። ሪስታርት አጥፍቶ ማብራት ነው። በመርፌ የሚጫነው ትንሽ ቀዳዳ ግን ሪሴት ነው፤ ቪፒኤኑን የሚያስገባውን መስመር ጨምሮ የተስተካከለውን ሁሉ ያጠፋል። መርፌውን አስቀምጡት።

ደረጃ 1፦ የወጣውን መልእክት አንብቡ

«ኤረር አለ» ብላችሁ አትዝጉት። በስልክ ፎቶ አንሱት። መልእክቶቹ በግምት አራት ቤተሰብ ናቸው።

ሀ. ኮምፒውተሩን ማግኘት አልቻልኩም፣ ስሙን አላውቀውም የሚል። ችግሩ ስም ወይም ቪፒኤን ነው። ደረጃ 2 ላይ ጀምሩ።

ለ. ሦስት ምክንያት የሚደረድረው፦ ሪሞት አልተፈቀደም፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል፣ ወይም ኔትወርክ ላይ የለም። ይኼኛው በጣም የተለመደው ነው፣ በጣም የማይረዳውም እሱ ነው። ሦስቱንም አንድ ላይ ስለሚላችሁ ምንም አልነገራችሁም ማለት ነው። ከደረጃ 2 እስከ 5 በተራ ትሄዳላችሁ።

ሐ. ስም ወይም ፓስዎርድ ተሳስቷል፣ ፈቃድ የለህም፣ የሰዓት ልዩነት አለ፣ ላይሰንስ የለም የሚል። ደስ ይበላችሁ፤ መስመሩ እስከ ሰርቨሩ ድረስ ደህና ነው። ቀጥታ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ። በዚህ ጊዜ ራውተር የሚነካካ ሰው ጊዜውን ያባክናል።

መ. ገብቶ የሚቆም፣ የሚጠቁር ወይም የሚወጣ። ደረጃ 7።

ደረጃ 2፦ የራሳችሁን ወገን አጣሩ

2.1 ኢንተርኔት አላችሁ ወይ? ከዚህ በፊት ከፍታችሁት የማታውቁትን ድረ ገጽ ክፈቱ። የለመዳችሁት ገጽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቀመጠ ቅጂ ሊከፈትና ሊያታልላችሁ ይችላል።

2.2 አድራሻችሁን እዩ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት (cmd) ክፈቱና አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ ኤንተር በሉ። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ራውተሩ አድራሻ አልሰጣችሁም ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩ ከራሱ ፈጥሮ ነው የያዘው። ገመዱን ነቅላችሁ ሰኩ፣ ወይም ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ። ካልተቀየረ የእናንተን ራውተር ሪስታርት አድርጉ።

2.3 ቪፒኤኑ በእርግጥ ተገናኝቷል ወይ? አዶው አረንጓዴ መሆኑ ብቻ አይበቃም። የቢሮውን ራውተር የውስጥ አድራሻ ፒንግ አድርጉ፤ በዚያው ጥቁር መስኮት ping ብላችሁ፣ ክፍተት፣ አድራሻውን ጻፉ። መልስ ከመጣ ቢሮው ገብታችኋል፤ ወደ ደረጃ 3 እለፉ። ካልመጣ የስልካችሁን ኢንተርኔት ለኮምፒውተሩ አካፍሉና እንደገና ሞክሩ። በስልክ ከሠራ ችግሩ የመጋዘኑ ኢንተርኔት ላይ ነው። በስልክም ካልሠራ የቢሮው ወገን ነው።

2.4 ቪፒኤኑ ተገናኝቶ ምንም የማይደርስ ከሆነ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ብዙ ቴክኒሻን ሳይቀር ቀን ሙሉ የሚጠፋበት ቦታ ነው።

ብዙ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ዓይነት የውስጥ አድራሻ ይዘው ነው፤ 192.168.1.1። ጅማ ያለው የቢሮ ራውተር ይህን ይጠቀማል። አጋሮ ያለውም ይህንኑ። አሁን ከአጋሮ 192.168.1.10 ብላችሁ ስትጠሩ ኮምፒውተራችሁ «ይኼማ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያለ ነው» ይልና እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ይፈልገዋል። ጥሪው ወደ ቪፒኤኑ አይሄድም። ሁለት ሰፈር ውስጥ አንድ ዓይነት የቤት ቁጥር እንዳለ ማለት ነው፤ ፖስተኛው ቅርቡን ያንኳኳል። 2.3 ላይ ያደረጋችሁት ፒንግም እንዲሁ ሊዋሻችሁ ይችላል፤ የመለሰው የራሳችሁ ራውተር ሊሆን ይችላል።

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ከመጋዘኑ ዋይፋይ አይገባም፣ ከስልክ ኢንተርኔት ይገባል። አይፒኮንፊግ ስትሉ የራሳችሁ አድራሻ በ192.168.1 ከጀመረና የሰርቨሩም እንደዚያው ከሆነ አገኛችሁት።

ጊዜያዊ መፍትሔው በስልክ ኢንተርኔት መግባት ነው። ዘላቂው ከሁለቱ አንዱን ወደ ሌላ ቁጥር መቀየር ነው፣ ለምሳሌ 192.168.37። ከቻላችሁ የመጋዘኑን ቀይሩ። እዚያ ያለው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነው፣ በ10 ደቂቃ ያልቃል። የቢሮውን ከቀየራችሁ ሰርቨሩ፣ ፕሪንተሩ፣ ካሜራው ሁሉ አብሮ መቀየር አለበት፤ እሑድን ጠብቁ።

2.5 ቪፒኤኑ ጨርሶ ካልተገናኘ

ቢሮው በቅርቡ ኢንተርኔት ቀይሯል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ ከገመድ መስመር ወደ ሲም ካርድ ራውተር ከተዛወረ ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። ቢሮ ያለው ሰው የራውተሩን ገጽ በብራውዘር ከፍቶ የውጭ አድራሻውን ያንብብላችሁ። በ10 ከጀመረ፣ ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው መሀል ከሆነ፣ ያ አድራሻ ከብዙ ደንበኞች ጋር የሚጋሩት ነው። ከውጭ ማንም ሊጠራው አይችልም። ራውተሩ ላይ የፈለጋችሁትን ብትከፍቱ ዋጋ የለውም። ያላችሁ ምርጫ ሁለት ነው፤ ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ የራስ የሆነ ቋሚ የውጭ አድራሻ መጠየቅ፣ ወይም ሁለቱም ወገን ወደ ውጭ ደውለው መሀል ላይ የሚገናኙበትን እንደ ቴይልስኬል ያለ ቪፒኤን መጠቀም።

አድራሻው የራሳችሁ ሆኖ ቁጥሩ ግን ወረቀታችሁ ላይ ካለው የተለየ ከሆነ ተቀይሯል ማለት ነው። አዲሱን ቪፒኤኑ ላይ አስገቡና ሞክሩ።

ደረጃ 3፦ ሰርቨሩ ነቅቷል ወይ?

አሁን ቢሮ ያለውን ሰው ደውሉለት። እነዚህን በተራ ጠይቁት፦

1. መብራት አለ? ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ውስጥ አለ?
2. የሰርቨሩ ማብሪያ ላይ ያለው መብራት ቋሚ ነው ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? በብዙ ኮምፒውተር ላይ በዝግታ ብልጭ ድርግም ካለ ተኝቷል።
3. የኔትወርኩ ገመድ የተሰካበት ቀዳዳ ላይ ትናንሽ መብራቶች ይታያሉ?
4. ራውተሩና ስዊቹ (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰባሰቡበት ሳጥን) በርተዋል?

አንዴ ሦስት ቀን በተከታታይ ማታ ማታ የሚጠፋ ሰርቨር ነበረኝ። ጠዋት ሲነካ ይሠራል፣ ማታ አጋሮዎች ሊገቡ ሲሉ የለም። ሎግ አነበብኩ፣ ፓወር ሰፕላይ ቀየርኩ። በመጨረሻ ማታ ሄጄ ተቀመጥኩ። ዘበኛው አባባ ሁሉን አሰናብተው ሲያበቁ ገቡና ዲቫይደሩን ከግድግዳው ነቀሉት። «ምነው አባባ?» ስላቸው «ልጄ፣ እሳት እንዳይነሳ ብዬ ነዋ» አሉኝ። ትክክል ናቸው፣ ማን ነገራቸው? ዲቫይደሩ ላይ «አይነቀልም» ብዬ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፌ ለጠፍኩ። አልቋል።

ተኝቶ ከተገኘ፦ ሴቲንግስ ውስጥ ፓወር የሚለውን ክፈቱና ስሊፕን «በፍጹም» ወደሚለው ቀይሩ። ለሰርቨርነት የሚያገለግል ተራ ዴስክቶፕ ካላችሁ ይህን ሳታደርጉ አትውሉ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳይበራ ከቀረ፦ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ሲመለስ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። «ፓወር ኦን» የሚለውን ምረጡ። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ከሌላችሁ ግን ይህን አታድርጉ፤ መብራቱ በደቂቃ ውስጥ አራቴ ሲሄድና ሲመጣ ሰርቨሩም አራቴ ይነሳል፣ ይወድቃል። ሃርድ ዲስክ የሚሞተው እንዲህ ነው።

የገመዱ መብራት ካልታየ፦ ገመዱን ስዊቹ ላይ ወዳለ ሌላ ቀዳዳ ቀይሩ። የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ ነጎድጓዱም እንደዚያው። ከመብረቅ በኋላ አንድ ቀዳዳ ብቻ ተቃጥሎ ሌሎቹ ደህና መሆናቸው የተለመደ ነው። የተቃጠለውን በፕላስተር ሸፍኑት፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይሰካበት።

ደረጃ 4፦ አድራሻው ያው ነው ወይ?

መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚባለው ችግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ራውተሩ ሲነሳ አድራሻዎችን እንደገና ያድላል። የሰርቨሩ 192.168.1.10 ለአንዱ ስልክ ይሰጥና ሰርቨሩ 192.168.1.14 ይሆናል። እናንተ 10ን ትጠራላችሁ፤ የምታንኳኩት የሠራተኛን ስልክ ነው።

1. ቢሮ ያለው ሰው ሰርቨሩ ላይ አይፒኮንፊግ ብሎ አድራሻውን ያንብብላችሁ።
2. ከተቀየረ በአዲሱ ግቡና ሥራችሁን ቀጥሉ።
3. ከዚያ ራውተሩ ላይ አድራሻውን ለሰርቨሩ ብቻ አስይዙ። ራውተሩ ገጽ ላይ ዲኤችሲፒ (አድራሻ ማደያው) በሚለው ውስጥ ሪዘርቬሽን ወይም ተመሳሳይ ስም ያለው ቦታ አለ። የሰርቨሩን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን የፋብሪካ መለያ) እና የምትፈልጉትን ቁጥር ታስገባላችሁ።

ቁጥሩን ሰርቨሩ ላይ በእጅ መጻፍም ይቻላል። ግን ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ ያለ ቁጥር ምረጡ። አለበለዚያ አንድ ቀን ሁለት ዕቃ አንድ አድራሻ ይይዝና ግንኙነቱ አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ ያሳብዳችኋል።

ደረጃ 5፦ ፖርቱ ክፍት ነው ወይ?

ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባው በፖርት 3389 ነው። ፒንግ መለሰ ማለት ፖርቱ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ፒንግ አልመለሰም ማለትም ሰርቨሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንግን ዝም ሊለው ይችላል። ስለዚህ ፖርቱን ራሱን አንኳኩ።

1. ፓወርሼል (ሌላው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት) ክፈቱ።
2. ቲ፣ ኤን፣ ሲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት አንድ ላይ ጻፉ። ክፍተት፣ የሰርቨሩ አድራሻ፣ ክፍተት፣ ጭረትና «ፖርት» የሚለው ቃል ተያይዘው (-port)፣ ክፍተት፣ 3389። ኤንተር።
3. የመጨረሻውን መስመር እዩ። ቲሲፒ ቴስት ሳክሲድድ የሚለው አጠገብ ትሩ ካለ ክፍት ነው፤ ወደ ደረጃ 6። ፎልስ ካለ ቀጥሉ።

ፎልስ ካለ ይኸንኑ ሙከራ ቢሮው ውስጥ ካለ ሌላ ኮምፒውተር አድርጉ። ከቢሮው ትሩ፣ ከአጋሮ ፎልስ ከሆነ ቪፒኤኑ ወይም ፋየርዎሉ ከቪፒኤን የሚመጣውን አልፈቀደም። ከሁለቱም ፎልስ ከሆነ ሰርቨሩ ላይ እነዚህን አጣሩ፦

- ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪሞት ዴስክቶፕ። ማብሪያው በርቷል? ምርጫው ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ ወይም አይደገፍም ካለ ዊንዶውሱ ሆም ነው። ሆም ወደ ሌላ መግባት ይችላል፣ ሌላ ሰው ማስገባት ግን አይችልም። ፕሮ ያስፈልጋችኋል። ኮምፒውተር ስትገዙ ሻጩን ይህን ጠይቁ፤ እኔ ያየኋቸው ግማሾቹ ከተገዙ በኋላ ነው የሚያውቁት።
- ሰርቪስስ ውስጥ ሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ የሚለው እየሠራ ነው? ካልሆነ ስታርት በሉት።
- የዊንዶውስ ፋየርዎል ውስጥ የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝር አለ። ሪሞት ዴስክቶፕ በሚለው ተራ ላይ ምልክቱ አለ? ዊንዶውስ ራውተር ሲቀየር አዲሱን ኔትወርክ «ፐብሊክ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ያኔ ምልክቱ ፕራይቬት ላይ ብቻ ከሆነ ትዘጋላችሁ። የቢሮውን ኔትወርክ ወደ ፕራይቬት መልሱት። ፐብሊክ ላይ ምልክት ማድረግ መፍትሔ አይደለም።
- ሌላ ሰው የጫነው አንቲቫይረስ የራሱ ፋየርዎል አለው ወይ? እሱንም እዩ።

አደገኛው አቋራጭ

እዚህ ደረጃ ላይ የሰለቸው ሰው «ቪፒኤኑን ተወውና 3389ን በራውተሩ ላይ ለኢንተርኔት ክፈተው» ይላችኋል። ይሠራል። በሰዓታት ውስጥ ግን የማታውቋቸው ማሽኖች ፓስዎርድ መሞከር ይጀምራሉ። ፋይል ቆልፈው ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች ከሚወዷቸው በሮች አንዱ ይኸው ነው። በፈረንጆቹ 2019 ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት ሲወጣ በዊንዶውስ 7 እና በሰርቨር 2008 ላይ ያለ ፓስዎርድ ጭምር መግባት ያስችል ነበር። ፖርቱን ከ3389 ወደ ሌላ ቁጥር መቀየርም መደበቂያ አይሆንም። ከፍታችሁት ከሆነ ዛሬውኑ ዝጉት፣ ከዚያ ወደ ደረጃ 2.5 ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ ስም፣ ፓስዎርድ እና ሰዓት

6.1 ፓስዎርዱን ኖትፓድ ላይ ጻፉት። የመግቢያው ሳጥን ነጥብ ብቻ ስለሚያሳያችሁ የምትጽፉትን አታዩም። ፓወር ግዕዝ ወይም የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከሆነ ኖትፓዱ ላይ ወዲያው ይታያችኋል። ካፕስ ሎክም እንደዚሁ። አይታችሁ ስታበቁ አጥፉት፣ ሴቭ አታድርጉ።

6.2 ፒን አይሠራም። ጠዋት ኮምፒውተራችሁን የምትከፍቱበት አራት ወይም ስድስት ቁጥር የዚያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። በሪሞት የሚጠየቀው ሙሉው ፓስዎርድ ነው።

6.3 ፓስዎርድ የሌለው አካውንት በሪሞት አይገባም። ዊንዶውስ ሆን ብሎ ነው የሚከለክለው። ፓስዎርድ አድርጉለት።

6.4 ስሙን ሙሉ አድርጉ። አንዳንዴ ኮምፒውተራችሁ የራሱን ስም ከፊት ይቀጥልበታል። የሰርቨሩን ስም፣ ወደኋላ ያዘነበለ ጭረት፣ ከዚያ የተጠቃሚ ስማችሁን ጻፉ።

6.5 ደጋግማችሁ አትሞክሩ። ሦስት ጊዜ ካልሆነ ቁሙ። አካውንቱ ሊቆለፍ ይችላል፤ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ 11 በ10 የተሳሳተ ሙከራ ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። በዚያ መሀል ትክክለኛውን ብትጽፉም አይቀበላችሁም፤ ከዚያ «ፓስዎርዴ ተቀይሯል» ብላችሁ ትደመድማላችሁ።

6.6 ፈቃድ የለህም ካለ፦ አድሚን ያልሆነ ሰው ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዘርስ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ መግባት አለበት። አድሚን አድርጎ መገላገል ቀላል ይመስላል። አታድርጉት።

6.7 ሰዓትና ቀን

ይኼ የእኛ አገር ልዩ በሽታ ነው። መብራት ሲሄድ የኮምፒውተሩን ሰዓት የምትይዘው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ክብ ባትሪ ናት። ስታረጅ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። ያኔ ሪሞት ዴስክቶፕ በእናንተና በሰርቨሩ መሀል የሰዓት ወይም የቀን ልዩነት አለ ብሎ እምቢ ይላል። ዶሜይን ያላቸው (ኮምፒውተሮቻቸው ሁሉ በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩ) ቢሮዎች ውስጥ የሚፈቀደው ልዩነት በተለምዶ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ሰርተፊኬት የሚጠቀም ቪፒኤንም አይገናኝም። ዋየርጋርድ የሚባለው ቪፒኤንም ሰዓታችሁ ወደኋላ ከተመለሰ ጥያቄያችሁን አሮጌ ነው ብሎ ይጥለዋል።

የባሰው ደግሞ ሰው ራሱ የሚያዛባው ነው። ሠራተኛው ሰዓቱ ተሳስቷል ብሎ በእጁ ያስተካክላል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ 3:00 ይሞላል። ኮምፒውተሩ ግን 9:00 ነው የሚጠብቀው። 6 ሰዓት ሄደ። ዓመቱንም በእኛ አቆጣጠር ሲሞላው 7 ወይም 8 ዓመት ይሄዳል። እሱ በእሱ ቤት አስተካክሏል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የሰዓት ክልሉ ዩቲሲ ፕላስ 3፣ ናይሮቢ የሚለው መሆኑን በሁለቱም ወገን እዩ።
2. ሰዓቱ በራሱ ከኢንተርኔት እንዲስተካከል የሚለውን አብሩና አሁኑኑ ሲንክ በሉት።
3. ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ከሶኬት ነቅላችሁ 10 ደቂቃ አቆዩት። ሲነሳ ሰዓቱ ከተዛባ ባትሪዋን ቀይሩ። በብዙ ዴስክቶፕ ላይ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልት ናት። ዲስኩ በቢትሎከር ከተቆለፈ ግን ከመነካካታችሁ በፊት የማገገሚያ ቁልፉ እጃችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ።

የሐበሻ ሰዓት ማየት የግድ የሆነበት ሰው ካለ የራሱን ኮምፒውተር የሰዓት ክልል ወደ ዩቲሲ ማይነስ 3 ይቀይር፤ የሚታየው 6 ሰዓት ወደኋላ ይሆናል፣ ውስጡ ግን አይዛባም። ሰርቨሩ ላይ ግን ይህም አይሞከር።

6.8 ላይሰንስ የለም ካለ

የዊንዶውስ ሰርቨር ያለ ተጨማሪ ላይሰንስ ለአስተዳደር ሥራ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚያስገባው። ለብዙ ሰው የሚሆነውን አገልግሎት የጫነው ባለሙያ ላይሰንሱን ሳያስገባ ከሄደ 120 ቀን ይሠራል፣ በ121ኛው ቀን ሁሉንም ይዘጋል። ኔትወርክ አትፈልጉ፤ የሚፈለገው ላይሰንስ ነው። አድሚኑ ግን ኤምኤስቲኤስሲ ከሚለው ትእዛዝ ቀጥሎ ስላሽ አድሚን ብሎ (mstsc /admin) ሊገባ ይችላል። ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ደግሞ የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። እናንተ ስትገቡ ሌላው ይወጣል፣ እሱ ሲገባ እናንተ። «እያወጣ ያስቸግረኛል» የሚባለው አንዳንዴ ሁለት ሠራተኞች ሳይተዋወቁ የሚገፋፉት ነው።

ደረጃ 7፦ ገብቶ ሲቆም ወይም ሲጎተት

- ማያው ከጠቆረ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤንድ አንድ ላይ ተጫኑ። ሜኑ ከመጣ ታስክ ማናጀርን ክፈቱና ኤክስፕሎረርን አስነሱ። ካልመጣ ዝጉና እንደገና ግቡ።
- ከጎተተ ሪሞት ዴስክቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት ሾው ኦፕሽንስ በሉ። ኤክስፒሪየንስ በሚለው ውስጥ ዝቅተኛውን ፍጥነት ምረጡ። ዲስፕሌይ ውስጥ ቀለሙን ወደ 16 ቢት አውርዱ። የሰርቨሩ ዴስክቶፕ ላይ ያለውን የጀርባ ምስልም አጥፉት። በደካማ መስመር ልዩነቱ ይታያል።
- ከገባ በኋላ በየጥቂት ደቂቃው ደርቆ ከቀረ፣ በተለይ በቪፒኤን፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዲፒ በተባለው የመላኪያ ዘዴ ስለሚሞክር ሊሆን ይችላል። ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ በደንበኛው ወገን ዩዲፒን የሚያጠፋውን ምርጫ አብሩ።
- ቪፒኤኑ ተገናኝቶ፣ ፖርቱም ትሩ ብሎ፣ መግቢያው ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከቀረ የፓኬቱ መጠን ለመስመሩ በዝቷል። የቪፒኤኑን ኤምቲዩ (ትልቁን የፓኬት መጠን) ወደ 1400፣ ካልሆነ ወደ 1300 ዝቅ አድርጉ።

ሰርቨራችሁ ሊኑክስ ከሆነ

እስከ ደረጃ 4 ያለው አካሄድ ያው ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ግን በአይፒኮንፊግ ፋንታ ip addr ትላላችሁ። ፖርቱ 22 ይሆናል፣ መግቢያው ደግሞ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራው ኤስኤስኤች። «ሪፊውዝድ» ካለ ብዙ ጊዜ ማሽኑ አለ፣ አገልግሎቱ ግን አልተነሳም። «ታይምድ አውት» ካለ ጥሪው አልደረሰም ወይም ፋየርዎል ውጦታል። የማሽኑ መለያ ተቀይሯል የሚል ትልቅ ማስጠንቀቂያ ከመጣ አሮጌውን መለያ ለማጥፋት አትቸኩሉ። ሰርቨሩ እንደገና ተጭኗል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልተጫነ በደረጃ 4 እንዳልነው አድራሻውን ሌላ ማሽን ይዞት ሊሆን ይችላል፣ ወይም መሀል የገባ ሰው አለ።

ደረጃ 8፦ ከተስተካከለ በኋላ

1. ለሙከራ የቀየራችሁትን ከወረቀታችሁ ላይ እያያችሁ መልሱ።
2. ራውተሩንና ስዊቹን ዩፒኤሱ ላይ ሰኩ። ብዙ ቢሮ ዩፒኤሱ ላይ የሚሰካው ሰርቨሩን ብቻ ነው። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ነቅቶ ይቀመጣል፣ የሚደርስበት መንገድ ግን የለም።
3. አዲሱን አድራሻ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፣ አሮጌውን ሰርዙ።
4. ሁሉም ፒችትሪን ከዘጉና ሰርቨሩ በደንብ ከጠፋ በኋላ የክፍሉን ብሬከር አውርዱ፣ ዩፒኤስ ካላችሁ እሱንም አጥፉ። 5 ደቂቃ ጠብቁና ሁለቱንም መልሱ፤ ባዮስ ውስጥ «ፓወር ኦን» ካልመረጣችሁ ሰርቨሩንም አብሩት። ከዚያ እጃችሁን ኪሳችሁ አድርጉ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። አጋሮ ደውሉና ይግቡ በሏቸው። ካልገቡ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።